ሦስቱ የላሜራ ጥፍሮች

ውድ ጀይሉ፣

ሰላምታዬን ከነቁጣዬ ተቀበል። ሰላምታውን ለብቻው ልልክልህ አስቤ ነበር፤ ግን ሁለቱ ተጣብቀው አልላቀቅ አሉኝ። የትኛው ሰላምታ፣ የትኛው ቁጣ እንደሆነ ለእኔም አልለይ ብሎኛል።

ደብዳቤውን የሚያመጣልህ አስመራ የሚመላለሰው የካሚዮን ሾፌር ነው። “ጀይሉ ይባላል፣ ከጣሊያኑ መካኒክ ጋር የሄደ ነው፣ ሲስቅ ከአፉ በፊት ትከሻው ይስቃል” ብዬ ነግሬዋለሁ። አስመራ ውስጥ ትከሻው የሚስቅ ብዙ ሰው ካለ እንግዲህ ደብዳቤዬ ለሌላ ይደርሳል። እንደዚያ ከሆነም፣ አንተ የማላውቅህ ወንድሜ፣ አታቋርጥ፤ ጨርሰውና የገባህን ጻፍልኝ። እኔ አልገባኝም።

እናትህ ደኅና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ልብህ እንዲያርፍ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ግን እንዲያርፍ አይደለም።

ሲኞር ብሩኖ ጋራዡን ዘግቶ ወደ አስመራ እንደሚሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። አንተ አብረኸው እንደምትሄድ ግን ዶሮም አልሰማችም። ከመሄድህ በፊት በነበረው ከሰዓት እኮ አብረን በለስ ስንልጥ ነበር! ጣቴ ላይ የተሰካውን እሾህ በጋራዡ ፒንሳ ነቀልክልኝና “አንተ ሰውዬ፣ ጥፍርህን ቁረጥ እንጂ” አልከኝ። የመጨረሻ ቃልህ ይህ ነው። ሰው ጓደኛውን ሲሰናበት ጥፍርህን ቁረጥ ይላል?

በማግስቱ ማለዳ በራችን ላይ ጆንያ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ያገኙት አባቴ ናቸው። አባቴን ታውቃቸዋለህ፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌፎን ቤት “ሃሎ! አዲግራት! ሃሎ!” ሲሉ ስለሚውሉ፣ ማታ ሲገቡም የሚያናግሩን እኛም አዲግራት ያለን ይመስል ነው።

“ሃሎ! ረታ! ይህ ሬሳ የማን ነው?” አሉ።

ፈታሁት። ጊታርህ ነው። በግራ እጅህ ሽቦው ላይ የምታንሸራትተው ያ የተወለወለ የፒስቶን ብረት አብሮት አለ። በቅባታም ጨርቅ የተቋጠሩ፣ ሲኞር ብሩኖ ከላሜራ ቆርጦ የሠራቸው ሦስቱ ጥፍሮችም አሉ። ጨርቁን አራገፍኩ፤ ጆንያውን ገለበጥኩ፤ ጭንቅላቴን ጆንያው ውስጥ ከትቼ ሁሉ አየሁ። አንዲት ቃል የለችም። ስጦታ ነው? አደራ ነው? ወይስ ካሚዮኑ ላይ ቦታ ጠቦ የተራገፈ ጭነት? አንዱን አምኜ እተኛለሁ፣ ሌላውን አምኜ እነሳለሁ።

ቁጭ ብሎ ከማፍጠጥ ብዬ ጭኔ ላይ አጋደምኩት። አንተ ስትመታ ስንት ጊዜ አጠገብህ ተቀምጫለሁ! ግን ምን አየሁ? ጀርባህን! እናንተ ቤት ስመጣ የእኔ ቦታ በሩ አጠገብ ነው፤ አንተ ደግሞ ፊትህን ወደ መጋረጃው አዙረህ ነው የምትመታው። ዐይን አፋር ነው ብዬ ዝም አልኩህ። ስለዚህ ብረቱን የያዘው ግራ ክርንህ ወዲያና ወዲህ ሲል አውቃለሁ። ቀኝ እጅህ ግን ለእኔ እንደ ታቦት ነው፤ መኖሩን እንጂ መልኩን አላውቅም።

ጥፍሮቹን ጥፍሬ ላይ አጠለቅኋቸው። ቅርጻቸው ቁርጥ ጥፍር ነው፤ ታዲያ ሌላ የት ይጠለቃሉ? አንዱን አውራ ጣቴ ላይ፣ አንዱን ሌባ ጣቴ ላይ፣ አንዱን መሃል ጣቴ ላይ። እጄ አሞራ መሰለ። ሽቦውን ስስበው የሚነካው ሥጋዬ ነው፤ ላሜራው በላይ በኩል ቆሞ ይመለከተኛል። ላሜራው እንዲነካልኝ ከፈለግኩ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ጣቴን ወደ ውጭ ማስፈንጠር አለብኝ። አንዴ ሳስፈነጥር መሃል ጣቴ ላይ ያለው ተስፈንጥሮ ወጥ ውስጥ ገባ። አባቴ በጉርሻ አገኙት።

“ሃሎ! ይህ ደግሞ የምን አጥንት ነው?”

ለአባቴ እውነቱን መናገር እንደማይቻል ታውቃለህ። “የዶሮ ነው” አልኩ። ወጡ የምስር ነበር።

ያዳነኝ ሆዴ ነው። አንድ ቀን ጥፍሮቹን ሳላወልቅ ቆሎ ልዘግን እጄን ሰደድኩ። ቆሎው አልያዝ አለኝ። ተናደድኩና ላሜራውን አሽከርክሬ ወደ ጣቴ ሆድ በኩል አዞርኩት፤ እንደ ማንኪያ ሆኖ ጥሩ አድርጎ ጨለፈልኝ። እያኘክሁ በዚያው እጄ ሽቦውን ብነካው፣ ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ! የአንተ ድምፅ። ቆሎው ከአፌ ወደቀ። ለካስ ተገልብጦ ነው የሚጠለቀው! ይህን ለሰው መንገር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? “ረታ፣ ገልብጠህ አጥልቀው” ማለት “ጥፍርህን ቁረጥ” ከማለት ይረዝማል?

ደስታዬ ግን አልቆየም። አንዱን ሽቦ ስነካ ደኅና ነው። ሁለተኛውን ስነካ የመጀመሪያው ገና ይጮሃል። ሦስተኛው ሲጨመር ሦስቱም ይንጫጫሉ። በዚያ ላይ ብረቱን ሳንሸራትት ያልነካኋቸውም ይነሣሉ። የሰኞ ገበያ ሆነብኝ፤ ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ የለም። ለማንሳት የፈለግኩት ያችን እናትህ ምስር ሲለቅሙ የሚያንጎራጉሯትን፣ አንተ ወደ ጊታር ያመጣሃትን ዜማ ነበር። የመጣልኝ ግን እናትህ ምስሩን ደፍተውት ሰው ሲረግጠው ነው።

እዚህ ላይ ሳለሁ ነው እናትህ የመጡት።

እማማ ኡሙሰልማ በራችን ላይ ቆሙ፤ ግቡ ቢባሉ አልገባ አሉ። “አቶ ከፋለ፣ ልጅዎን ይጥሩልኝ” አሉ። ወጣሁ። ፊታቸውን አይቼ እጄን ከኋላዬ ደበቅኩ፤ ጥፍሮቹን አላወለቅኩም ነበርና።

“ረታ፣ የልጄን መሄድ ታውቅ ነበር።”

“ወላሂ አላውቅም!” አልኩ። እናንተ ቤት ስውል የለመደ አፍ ነው።

“በራስህ ማል!”

“በመድኃኔዓለም አላውቅም!”

“ታዲያ የልጄ ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል? ለእናቱ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሄደ ልጅ፣ ለጎረቤት ዕቃ ያወርሳል? ሰጥቶህ ቢሆን አመታቱን ያሳይህ ነበር። ሌት ተቀን ስታንኳኳው እሰማለሁ፤ አመታቱ የሱ አይደለም። አልሰጠህም። ወስደኸዋል።”

“ሃሎ! ሃሎ!” አሉ አባቴ ከውስጥ፤ “ማን ነው ሌባ የተባለው?”

“ሌባ አላልኩም። ወስዷል ነው ያልኩት።”

“ያው አንድ መስመር ነው!”

እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። ሽማግሌዎቹን ስነግርህ እንዳትስቅ፤ ወይም ሳቅ፣ ሾፌሩ በትከሻህ ይለይህ። በእናትህ በኩል የጨው ነጋዴው አያ ጀላሉ ተመረጡ፤ ወሎ ሳሉ፣ በጉብዝናቸው ጊዜ፣ ክራር ይመቱ ነበር ይባላል፤ ይባላል የሚሉት እሳቸው ናቸው። በእኛ በኩል በገና ደርዳሪው አለቃ ሀብቴ። መሃል ላይ የሁላችንም የቤት አከራይ አቦይ ካሕሳይ፤ እሳቸው የሚያውቁት ድምፅ የኪራይ በር ማንኳኳት ብቻ ነው። ግቢያቸው ውስጥ፣ የበለሱ አጥር ሥር፣ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እናትህ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ራቅ ብለው ተቀመጡ። እኔን አያዩም።

“ቀስ! ቀስ በሉ ደቀይ፣ ልጆቼ” ብለው ጀመሩ አቦይ ካሕሳይ፤ ገና ማንም አልተናገረም። “ነገሩ ቀላል ነው። ጀይሉ ሰጥቶት ከሆነ አስተምሮታል። እሞ፣ በሉ ይምታው። ያችን የእናቱን ዜማ እንደ ጀይሉ አድርጎ ከመታት ዕቃው የሱ ነው፣ ስሙም ንጹሕ ነው። ካቃተው ዕቃውን ይመልስ፤ ስሙን ደግሞ… እንግዲህ ስሙን ሰፈሩ ያውቅበታል።”

ጀይሉ፣ ጊታሩን መውሰዳቸው አንድ ነገር ነው። ግን እናንተ ቤት በር አጠገብ ያለችው ቦታዬ? ሳልፍ “ረታ፣ ና ዳቦ ቅመስ” የሚሉኝ እናትህ? ይህ ሁሉ በአንድ ዜማ ላይ ተንጠለጠለ፤ ዜማዋም በቀኝ እጄ ላይ፤ ቀኝ እጄም የሚያደርገውን አያውቅም።

ጊታሩን ጭኔ ላይ አጋደምኩ። ብረቱን በግራ ያዝኩ። ጥፍሮቹን አጠለቅኩ፤ ተገልብጠው።

“ቆይ” አሉ አለቃ ሀብቴ፤ “በየትኛው እጅህ ነው የምትመታው?”

“በቀኝ፣ አለቃ።”

“ስሕተት! በገና የሚደረደረው በግራ ነው።”

“አለቃ፣ ይህ በገና አይደለም” አሉ አያ ጀላሉ። “የክራር ዘመድ ነው። ክራር በቀኝ ይገረፋል፤ ግራ ከኋላ ሆና የማትፈለገዋን ጅማት ዝም ታሰኛለች። ቀኝ ይናገራል፣ ግራ ዝም ያሰኛል። የትም አገር ብትሄዱ እንዲሁ ነው።”

“የት የት አገር ሄደው ነው?”

“በርሃሌ ድረስ ሄጃለሁ።”

“ለጨው!”

“ለጨው ብሄድስ ጆሮዬን ትቼ ነው የሄድኩት?”

“ቀስ! ቀስ!” አሉ አቦይ ካሕሳይ። “የልጁ ግራ እጅ ብረት ይዟል። እሞ ዝም የሚያሰኝለት እጅ ከየት ይምጣ? ሦስተኛ እጅ የለው!”

አለቃ ሀብቴ አሰቡ፣ ጢማቸውን አሻሹ። “ብረቱን ይጣለው” አሉ።

እስቅ ነበር፣ ፍርዱ የእኔ ባይሆን። እያፌዝኩባቸው እኮ አይደለም፤ እንዲያውም አቦይ ካሕሳይ ሳያውቁት ስንት ቀን ስጠይቀው የከረምኩትን ጥያቄ ነው የጠየቁት። ግራዬ ብረት ይዟል። ማን ዝም ያሰኛቸው?

መታሁ። የሰኞ ገበያው ተነሣ። አለቃ ሀብቴ ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። አያ ጀላሉ “የተጫነች ግመል ቆርቆሮ ላይ ስትወድቅ እንዲህ ነው ድምፅዋ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ” አሉ። አባቴ እንኳ፣ የገዛ አባቴ፣ “መስመሩ ተደባልቋል” ብለው አንገታቸውን ደፉ። እንደገና መታሁ። ባሰ። እጄን እያነሳሁ፣ እየጣልኩ፣ ላብ ዐይኔ ውስጥ ገባ።

“በቃ” አሉ አለቃ። “እንግዲህ ፍርዱ…”

“የኔ ልጅ እጁን እንደዚህ አያነሳም ነበር።”

እናትህ ናቸው። ፊታቸውን ከአጥሩ አላዞሩም። ለእኔ ነው ያሉት? ለአጥሩ ነው? አላውቅም።

“ምን አሉ፣ እማማ?”

“አንተ ትደበድበዋለህ። የኔ ልጅ ያሳርፈው ነበር። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ግንባር ላይ እጅ እንደሚያሳርፉት። ጣቱ ብቻ ነው የሚላወስ። እጁ እዚያው ተኝቶ ነው።”

“ከየት አዩት እርስዎ? እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አላየሁትም!”

“ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ነዋ። ወደ እኔ ዞሮ አይደል የሚመታው?”

ጀይሉ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፈርቶ ነው ብለው አሰቡ። እኔ ግን ፊትህን ወደ መጋረጃ ማዞርህን እያሰብኩ ነበር። ለእኔ የምትመታ መስሎኝ ነበር እኮ። እኔ ሰሚው፣ አንተ አፋሩ። ለካ እኔ ከጀርባ ሆኜ የሰው ወሬ የምሰማ ነበርኩ። ልናደድ ወይስ ደስ ይበለኝ? እስካሁን አልወሰንኩም።

የመዳፌን ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን፣ ሽቦዎቹ ላይ አሳረፍኩ። ሁሉም ጸጥ አሉ። አውራ ጣቴ የምፈልጋትን ብቻ ነካ፤ ለእሷ ብቻ መዳፌን ትንሽ ለቀቅ አደረግኩላት። ዘፈነች። ወደ ሁለተኛዋ ከመሄዴ በፊት መልሼ አሳረፍኩ፤ ዝም አለች። ሁለተኛዋ ለብቻዋ መጣች። ሦስተኛዋ። ብረቱ ሲንሸራተት የሚከተለው የተነካው ሽቦ ብቻ ሆነ። አያ ጀላሉ የግራ ሥራ ነው ያሉት፣ እዚያው ቀኝ እጅ ውስጥ ነበር፤ አንዱ ወገን ሲናገር ሌላው ወገን ያስተኛል። ዜማዋ እንደ ሕፃን እየተደናቀፈች መጣች፤ ሁለት ቦታ ወደቀች፤ ግን እሷው ነበረች። የምስሯ ዜማ።

ስጨርስ ቀና ብዬ አየሁ። እናትህ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞረዋል።

“ታዲያ ለምን አልነገረኝም?” አሉ።

ሽማግሌዎቹን አይደለም የጠየቁት። እኔን ነው።

“ለእኔም አልነገረኝም፣ እማማ።”

“ላንተማ ዕቃውን ትቶልሃል።”

“ዕቃው ምን ይናገራል?”

“አሁን ተናገረ እኮ” አሉ። ቀጥለው ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ነጠላው ውስጥ ቀረ።

ከዚያ የሽማግሌው ነገር ተደበላለቀ። አለቃ ሀብቴ “መትቷል፣ የሱ ነው” አሉ። አያ ጀላሉ “የመታው እናቱ ስላሳዩት ነው፤ ልጁ አስተምሮት ቢሆን ከመጀመሪያው ይመታ ነበር፤ የእናትየው ነው” አሉ። እውነት ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን እዚያው እንደቆምኩ ይመሽብኝ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። የአቦይ ካሕሳይ ባለቤት ከቤት ወጥተው “የምሳው ጥሕሎ ሊበርድ ነው!” አሉ። አቦይ ካሕሳይ ብድግ አሉ።

“ቀስ! ፍርዱን ስሙ። ጊታሩ በእናቱ ቤት ይቀመጥ። ብረቱና ጥፍሮቹ ከረታ ጋር ይሁኑ። ለብቻው የሚመታ የለም፤ የሚሸጥም የለም። ጀይሉ በገዛ አፉ የማን እንደሆነ እስኪናገር ድረስ እንደዚሁ ይቆይ። ተፈጸመ። እሞ እንብላ።”

ጥበብ ይሁን ረሃብ እስካሁን አልገባኝም። አባቴ “የመንግሥት ፍርድ ቤትም እንዲህ አይፈርድ” ብለው አደነቁ፤ ግን እሳቸውም በጣም ርቧቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ስመለስ ጥፍሮቹን ኪሴ ውስጥ እያንቃጨልኩ እናንተ ቤት እገባለሁ። እናትህ ጊታሩን ከመጋረጃው ጀርባ ያወጡልኛል። መጋረጃውን አሁን ሰብስበው አስረውታል፤ ፊት ለፊቴ ነው ምስር የሚለቅሙት። “ቀስ፣ እዚያ ጋ ጀይሉ ትንሽ ይዘገያል” ይሉኛል። “ይዘገይ ነበር” አይሉም። አንዳንዴ “ጀይ…” ብለው ይጠሩኝና ይውጡታል። እኔም ሽቦ እንደማጠብቅ ሆኜ አልሰማሁም እላለሁ። ያን ጊዜ ጓደኛህ ልሁን፣ ልጃቸው ልሁን፣ የጊታር ተከሳሽ ልሁን ይምታታብኛል። አንተን ልናፍቅህ ስል ቁጣው ይቀድመኛል፤ ልቆጣህ ስል እጄ መዳፉን ያሳርፍና ዝም ያሰኘኛል። መዳፌ እንኳ ወዳንተ አድልቷል።

ለምን እንዳልነገርከን አልጠይቅህም። እኔ እንዲህ ብዬ ደምድሜያለሁ፤ ለእናትህ ብትነግራቸው አትሄድም ነበር፣ ለእኔ ብትነግረኝ ለእናትህ እነግር ነበር። ልክ ነኝ? ተሳስቻለሁ? ይህንንም አትመልስልኝ።

የምለምንህ ሁለት ነገር ነው። ለእናትህ ጻፍላቸው፤ እኔ አነብላቸዋለሁ። ሥራ እንዳለህ ጻፍ፣ የምትበላውን ጻፍ፣ ብርዱን ጻፍ፤ አስመራ ውስጥ ትከሻህን የሚያስቅ ሰው ካገኘህም ጻፍ። መሄድህን ሳትነግራቸው መቅረትህ ያሳዘናቸውን ያህል፣ የምትጽፈው ትንሽ ነገር ሁሉ ደስ ያሰኛቸዋል።

ሁለተኛው፣ ስለ ጊታሩ አንዲት ቃል እንዳትጽፍ። ሽማግሌዎቹ የአንተን አፍ እየጠበቁ ነው። “የረታ ነው” ካልክ ጆንያዬን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ “የእናቴ ነው” ካልክ ጥፍሮቹን አስረክቤ እወጣለሁ። በየትኛውም ብትፈርድ ከሰዓት በኋላ እናንተ ቤት የምገባበት ምክንያት አይኖረኝም፤ እናትህም መጋረጃውን ይፈቱታል። ስለዚህ አደራህን፣ በዚህ ነገር ላይ ብቻ እንደ ሄድክበት ቀን ዝም በል።

ጥፍሩን ይዞ ጊታር የሌለው ጓደኛህ፣
ረታ ከፋለ
መቀሌ፣ ኅዳር 1939 ዓ.ም.

ጥፍሬን ግን ቆርጫለሁ።